ከሪዘርቭ እስከ ሬድ ሲል፦ የካናዳ ነባር ሕዝብ ልጅ በዩኒየን ሙያ የምታድግበት መንገድ

ኤድመንተን ወይም ካልጋሪ የሚኖር አበሻ ከካናዳ ነባር ሕዝቦች ጋር የሚተዋወቀው ብዙ ጊዜ በሥራ ነው። አንዱ ሥራ አፈላላጊ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ያስተናግዳቸዋል። ሌላው ሳይት ላይ ጆርኒማን (የሙያ ሰርተፊኬት የያዘ ባለሙያ) ሆኖ አፕረንቲስ (እየሠራ የሚማር ተለማማጅ) ይመደብለታል። ተጋብቶ የወለደም አለ። ታዲያ አንድ ቀን ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም፦ «ኤሌክትሪሺያን መሆን ብፈልግ ከየት ልጀምር?»

መረጃው ሞልቷል። የሚያስቸግረው ቅደም ተከተሉ ነው። መቅደም ያለበትን አዘግይቶ ገንዘብም ዓመትም የሚያጣው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከነባር ሕዝቦቹ አንዱ ከሆነው ከክሪ የተወለደች ልጅ እንዳለች እናስብና እስከ ሬድ ሲል፣ ማለትም በመላ ካናዳ እስከሚሠራው የሙያ ሰርተፊኬት ድረስ፣ መንገዱን አብረናት እንሂድ። 22 ዓመቷ ነው፤ ያደገችው ሰሜን አልበርታ ሪዘርቭ (ለነባር ሕዝብ የተከለለ መሬት) ውስጥ ነው፤ ሒሳብ 11ኛ ክፍል ላይ ትታዋለች፤ እጇ ግን ሥራ ያውቃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን ዩኒየን?

የኮንስትራክሽን ሥራ ያልቃል። ሕንፃው ሲጠናቀቅ ሠራተኛው ይሰናበታል፤ ይሄ የታወቀ ነው። የዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) አባል ግን ከአንዱ ኮንትራክተር ወደ ሌላው ሲዛወር ጡረታውና የሕክምና መድኑ አይቋረጥበትም። ደመወዙ በኅብረት ስምምነት ተጽፎ የተቀመጠ ነው። ሴት ስለሆነች ወይም መደራደር ስለማትወድ የሚቀነስባት ሳንቲም የለም።

ነባር ሕዝቦች ለዩኒየን ሙያ እንግዳ አይደሉም። ሞንትሪያል አጠገብ ካናዋኬ የሚባል የሞሃውክ ማኅበረሰብ አለ። በ1886 የባቡር ድልድይ በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ላይ ሲሠራ ድልድዩ መሬታቸውን ስለነካ ወንዶቹ በጉልበት ሠራተኝነት ተቀጠሩ። ብዙም ሳይቆዩ ብረቱ ላይ ወጡ። በ1907 የኩቤክ ድልድይ ገና በመሠራት ላይ እያለ ተደርምሶ 75 ሰው ገደለ። ከሟቾቹ 33ቱ የካናዋኬ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲያ የማኅበረሰቡ ሴቶች «ወንዶቻችን ሁሉ አንድ ፕሮጀክት ላይ አይሠሩም» ብለው ቆረጡ ይባላል። ወንዶቹ ተበተኑ፤ ኒውዮርክም ዘለቁ። ኢምፓየር ስቴትን፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይን፣ ኋላም የዓለም ንግድ ማዕከልን ካቆሙት መካከል እነሱ አሉበት።

«ሞሃውክ ከፍታ አይፈራም» የሚለው ወሬ አይዋጥልኝም። ሰው ናቸው፣ ይፈራሉ። ትውልድ ከትውልድ ሙያው ላይ ያቆያቸው አባት ልጁን፣ አጎት የወንድሙን ልጅ ወደ ዩኒየኑ አዳራሽ እየወሰደ ማስተዋወቁ ነው። ማንን ማናገር እንዳለበት፣ ምን ይዞ መሄድ እንዳለበት ልጁ ቤቱ ውስጥ ሲሰማ ነው ያደገው። የኛ ክሪ ልጅ እንዲህ ያለ አጎት የላትም። የሚከተሉት እርምጃዎች በሙሉ እሱን የሚተካ ነገር ፍለጋ ናቸው ብትል ይቀላል።

1. ሙያ ስትመርጥ አኗኗሯንም ትምረጥ

ብዙ ሰው ሙያ የሚመርጠው የሰዓት ክፍያ አይቶ ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቃት «ማታ የት ማደር ትፈልጊያለሽ?» ብዬ ነው። ቦይለርና ብየዳ በአብዛኛው ፋብሪካ ለጥገና ሲዘጋ የሚመጣ ሥራ ነው። ጥሩ ይከፍላል፤ ግን ካምፕ ነው፣ ከቤት መራቅ ነው። ኤሌክትሪክና ቧንቧ የተማረች ደግሞ ከተማም ትሠራለች፣ አንድ ቀን ወደ ሪዘርቯ ብትመለስም ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና የውሃ ማጣሪያው ይፈልጓታል።

ርዝመቱም ይለያያል። አልበርታ ውስጥ ብየዳ ሦስት ደረጃ ነው። ኤሌክትሪክ አራት ነው፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ 1,500 ሰዓት ሥራ አለ፣ በሦስቱ 8 ሳምንት፣ በመጨረሻው 12 ሳምንት ትምህርት አለ። ኦንታሪዮ ለኤሌክትሪሺያን በጠቅላላው 9,000 ሰዓት ይጠይቃል። የአልበርታ የኤሌክትሪክ አፕረንቲስ ቢያንስ የሚከፈላት ከጆርኒማኑ ደመወዝ 50 በመቶ ነው፤ በየደረጃው ወደ 60፣ 70 እና 80 ያድጋል። ብየዳ 60 ብሎ ይጀምርና 75፣ ከዚያ 90 ይደርሳል። የመጀመሪያው ዓመት ኪስ ይጎዳል። ቤት ኪራይ የምትከፍል ከሆነ ይህን ቀድማ ትወቀው።

2. ወረቀቶቹ

የልደት ሰርተፊኬት፣ የሶሻል ኢንሹራንስ ቁጥር፣ የትምህርት ማስረጃ፣ እንደ ክሪ ያለ የፈርስት ኔሽን ሰው ከሆነች የስታተስ ካርድ (በመንግሥት መዝገብ ላይ መኖሯን የሚያሳይ)፣ ሜቲ (ከነባር ሕዝቦችና ከአውሮፓውያን የተወለደ ሕዝብ) ከሆነች የሜቲ አባልነት ካርድ። እነዚህ የትም ይዘረዘራሉ።

ሰው የሚዘነጋው መንጃ ፈቃድ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሳይት ላይ መገኘት አለባት፤ አውቶቡስ እዚያ አይደርስም። ሪዘርቭ ያደገ ልጅ ደግሞ ፈተናው የሚሰጥበት ከተማ ሩቅ ነው፣ የሚለማመድበት መኪና የለውም፣ ያልተከፈለ ቅጣትም ተከማችቶ ፈቃዱን ይዞት ሊሆን ይችላል። ችሎታ እያላቸው በዚህ ብቻ የሚቀሩ አሉ። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከመጀመሯ በፊት መንጃ ፈቃዱን ታስጨርስ። የሥልጠና ገንዘብ ከሚሰጠው ቢሮ የመንዳት ትምህርቱን እንዲሸፍንላት መጠየቅ ነውር የለውም።

3. ገንዘቡን ከትምህርቱ አስቀድማ

የፌደራል መንግሥቱ ለነባር ሕዝቦች የሥራና ሥልጠና ፕሮግራም አለው። በምህጻረ ቃል አይሴት ይሉታል፤ በ2019 ነው የተጀመረው። ለፈርስት ኔሽንስ፣ ለኢኑይት (የሩቅ ሰሜኑ ነባር ሕዝብ)፣ ለሜቲ፣ እንዲሁም ከተማ ለሚኖሩና ከማኅበረሰባቸው ጋር ላልተያያዙ የየራሳቸው መስመር አላቸው። ገንዘቡን የሚያከፋፍሉት ራሳቸው የነባር ሕዝቦች ድርጅቶች ናቸው። የትምህርት ክፍያ፣ የኑሮ ድጎማ፣ ሴፍቲ ሹዝ፣ መሣሪያ፣ አንዳንዴም የልጅ ማቆያ ይሸፍናል።

አሠራሩ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። የሚያጋጭ ነገር አንድ ነው፦ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ «ክፈሉልኝ» ብሎ መሄድ። በጀቱ የዓመት ነው፣ ኮሚቴ ያየዋል፣ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ማመልከቻው ይቅደም፤ ምዝገባው ይከተል። ከተማ ብትኖርም መጀመሪያ የራሷን «ባንድ» (የፈርስት ኔሽኗን አስተዳደር) ቢሮ ትጠይቅ። «እኛ አንሸፍንም» ካሏት ያንን በጽሑፍ ትቀበል፤ የከተማው መስመር ወረቀቱን ይፈልገዋል።

ድሮ የተጻፉ መመሪያዎች ላይ ለአፕረንቲስ የሚሰጥ የ1,000 ዶላር የፌደራል ጉርሻ ታነባለህ። በማርች 2025 መጨረሻ ቆሟል። የቀረው ብድሩ ነው፤ ለሬድ ሲል ሙያ ተማሪ በአንድ የትምህርት ዙር እስከ 4,000 ዶላር ያለ ወለድ።

4. ሒሳቡን አትለፈው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ልጅቷ ሒሳብ ትታለች ብለናል። የመግቢያ ፈተናው ሒሳብ አለው፤ «ለሽቦ ሥራ አልጀብራ ምን ይሠራል?» ማለቷ አይቀርም።

ሽቦ የሚያልፍበት አንድ ቧንቧ ግድግዳ ላይ ተዘርግቶ ሲሄድ ምሰሶ ይገጥመዋል። ምሰሶው 10 ሴንቲ ወደ ፊት ወጥቷል። ቧንቧው ተጠምዝዞ 10 ሴንቲ ወደ ፊት መውጣትና እንደገና ቀጥ ማለት አለበት። በ30 ዲግሪ ካጠፈችው በሁለቱ ማጠፊያ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት የዚያ 10 ሴንቲ እጥፍ ነው፤ 20 ሴንቲ። በሜትር ለካች፣ በእርሳስ ምልክት አደረገች፣ ማጠፊያውን ረግጣ ሳበች። ልኩ ከወጣ ቧንቧው ምሰሶውን ታክኮ ያልፋል። ካልወጣ ቆሻሻ መጣያ ይገባል፤ ጆርኒማኑም በዓይኑ ይገላምጣታል። ያ «እጥፍ» የሚለው ቁጥር ከትሪጎኖሜትሪ ነው የመጣው። እንዲህ ከታየ ሒሳቡ መልክ ይይዛል።

ብቻዋን ከመታገል ግን ቅድመ ሥልጠና ትግባ። አልበርታ ውስጥ ከ2005 ጀምሮ ትሬድ ዊንድስ ቱ ሰክሰስ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ለፈርስት ኔሽንስ፣ ለሜቲና ለኢኑይት ብቻ ነው። ለመግቢያ ፈተናው ሒሳብ ያስጠናል፣ በዩኒየኖቹ ማሠልጠኛ ውስጥ መሣሪያ ያስይዛል፣ የሴፍቲ ሰርተፊኬቶቹን ያስወስዳል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ሳምንታቱን የምታሳልፈው በዩኒየኑ ቤት ስለሆነ አሠልጣኞቹ ስሟን ያውቃሉ። ማልዳ የምትመጣ መሆኗን፣ ጠርጋ የምትወጣ መሆኗን ያያሉ። ካናዋኬ ላይ አጎት የሚሠራውን እዚህ አሠልጣኙ ይሠራዋል። ሌሎች ክፍለ ሀገሮችም ተመሳሳይ ነገር አላቸው፤ የአይሴቱ ቢሮ ይጠቁማታል።

5. አዳራሹ

የዩኒየን ቅርንጫፍ «ሎካል» ይባላል። አልበርታ ላይ የኤሌክትሪኩ አይ.ቢ.ኢ.ደብሊው. ሎካል 424 ነው። ኤድመንተን የቧንቧው ዩ.ኤ. ሎካል 488፣ የብረቱ ሎካል 720 ነው። እያንዳንዱ የራሱ የአቀባበል ደንብ አለው። ስልክ ደውላ ከመጠየቅ በአካል ብትሄድ ይሻላል። መጠየቅ ያለባት፦ አፕረንቲስ የምትቀበሉት መቼ ነው? መመዝገቢያው ስንት ነው? ወርኃዊ መዋጮውስ? ከደመወዝ የሚቆረጥ አለ? የመጀመሪያ ዓመት ሆነው ሥራ የሚጠብቁ አሁን ስንት ናቸው? የመጨረሻዋን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቃትም። መልሱ ረጅም ሰልፍ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሎካል ማየት ነው።

አባል ከሆነች በኋላ ሥራ የሚመጣው በአዳራሹ በኩል ነው። ኮንትራክተሩ «ሁለት የመጀመሪያ ዓመት አፕረንቲስ ላኩልኝ» ይላል፤ አዳራሹ ከተራ መዝገቡ ያወጣል። ጥሪው ላይ የኩባንያው ስም፣ ቦታው፣ ካምፕ መሆን አለመሆኑ፣ ስንት ሳምንት እንደሚቆይ፣ የሚፈለጉት ሰርተፊኬቶች ይጻፋሉ። አንድ ሰርተፊኬት ጊዜው ካለፈበት ጥሪው ያልፋትና ለቀጣዩ ይሰጣል። ስለዚህ የመጀመሪያ እርዳታ፣ ከፍታ ላይ የመሥራት፣ የአደገኛ ጋዝና የመሳሰሉት ሰርተፊኬቶች የሚያበቁበትን ቀን ስልኳ ላይ ትመዝግብ። ጥሪ ደጋግሞ እምቢ ማለትም በብዙ ሎካሎች ተራ ያስቀንሳል።

6. የመጀመሪያው ዓመት

ዕቃ መሸከም፣ ገመድ መሳብ፣ መጥረግ። ፒንሳና ካቻቢቴ የያዘች ሁሉ ወዲያው ፓነል ትከፍታለች ማለት አይደለም። ይሄ የተለመደ ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይም መጥረጊያ ብቻ ከሆነ የያዘችው ግን ልክ አይደለም፤ ለስቱዋርዷ ትንገር። ስቱዋርድ ማለት ሳይቱ ላይ ያለ የዩኒየኑ ተወካይ ነው።

ሰዓት መመዝገብ። ከሁሉም በላይ የማሳስበው ይሄን ነው። የሠራችው ሰዓት በአፕረንቲስ መዝገቧ ላይ ካልሰፈረ አልሠራችም። ኩባንያው ከመዝጋቱ ወይም እሷ ከመሰናበቷ በፊት ሰዓቷ ጸድቆ መግባቱን ታረጋግጥ። የደመወዝ ወረቀቶቿን ሁሉ ፎቶ እያነሳች ታስቀምጥ። ከሁለት ዓመት በኋላ የጠፋ 400 ሰዓት ማሳደድ ራስ ምታት ነው።

ካምፕ ከሆነ 14 ቀን ገብቶ 7 ቀን መውጣት የተለመደ ነው። ከመግባቷ በፊት የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ አለ። ካናቢስ ከ2018 ጀምሮ ሕጋዊ ነው፤ ሳይቱ ግን ይከለክላል። ቅዳሜ ያጨሰችው ሰኞ ሥራ ያሳጣታል።

ለቅሶና ሥርዓት። አንድ ሽማግሌ ሲሞት ማኅበረሰቡ በሙሉ ለቀናት ይቆማል። አበሻ ይህ አይጠፋውም። የኅብረት ስምምነቱ የሐዘን ፈቃድ ግን ብዙውን ጊዜ የቅርብ ቤተሰብን ብቻ ይቆጥራል። እንደ ባቡርና ቴሌኮም ባሉ በፌደራል ሕግ ሥር ባሉ ሥራዎች ከ2019 ጀምሮ ለባህላዊ ተግባር፣ ለአደንና ለዓሣ ማጥመድ ጭምር፣ በዓመት እስከ 5 ቀን ያለ ክፍያ መውጣት ይቻላል፤ ሦስት ወር የሠራች ከሆነ። ኮንስትራክሽን ግን በአብዛኛው በክፍለ ሀገር ሕግ ነው የሚተዳደረው። ስለዚህ ገና ስትገባ ስቱዋርዷን ምን ተጽፎ እንዳለ ትጠይቅ፤ ፎርማኗንም ቀድማ ታስረዳ። ሳይናገሩ ጠፍቶ መመለስ ነው ሰውን የሚያስባርር። አንተ ፎርማን ከሆንክ ደግሞ «ያጎትሽ ልጅ ሲሞት ምን አገባሽ» አትበላት፤ አንተም ሠልስት ትቀመጣለህ።

ዘረኝነት። ይኖራል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን ምን እንዳለና ማን እንደሰማ በዚያው ቀን ትጻፍ። ከዚያ ወደ ስቱዋርዱ። ቅሬታ ማቅረቢያው ቀነ ገደብ አለው፤ አጭር ነው። «እስቲ ይሻሻል ይሆናል» እያለች ብትጠብቅ መብቷ ያልፍባታል።

7. ትምህርት ቤት ስትገባ

በየደረጃው ሥራ አቁማ ለሳምንታት ትማራለች፤ ኤድመንተን ከሆነች ኔይት፣ ካልጋሪ ከሆነች ሴይት በሚባሉት የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች። በዚያ ጊዜ የሥራ አጥ መድን መውሰድ ትችላለች፤ 55 በመቶ ገደማ ይከፍላል፣ እስከ ጣሪያው ድረስ። ክፍለ ሀገሩ የሚሰጣት ልዩ ኮድ አለ፤ ያለ ኮዱ ማመልከቻው ይጓተታል። ያለ ክፍያ የሚያልፈው የመጠበቂያ ሳምንት በአፕረንቲስነቷ ዘመን ሁሉ አንዴ ብቻ ነው የሚቆጠርባት። የመድኑ ገንዘብ ግን ዘግይቶ ሊገባ ይችላል። የአንድ ወር ቤት ኪራይ ሳትይዝ ክፍል አትግባ።

ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ነው። ሥራው ጥሩ እየከፈለ «ትምህርቱን በሚቀጥለው ዓመት» ይባላል፤ ቀጣዩ ዓመት ላይም እንዲያው። ሰዓቷ ሞልቶ ትምህርቷ ካልተከተለ ደረጃዋም ደመወዟም ባለበት ይቆማል።

8. ሌይኦፍ

መሰናበት ውድቀት አይደለም፤ የሙያው ጠባይ ነው። ያን ቀን ወዲያው የምታደርገው፦ አዳራሹ ደውላ የተራ መዝገቡ ላይ መግባት፣ ለሥራ አጥ መድን ማመልከት፣ ሰዓቷ መመዝገቡን ማረጋገጥ። ብዙዎቹ ዩኒየኖች የሕክምና መድን የሚሰጡት በሰዓት ባንክ ነው፤ ስትሠራ ሰዓት ይጠራቀምላታል፣ ሥራ ስትፈታ ከዚያ ላይ እየተቀነሰ መድኑ ይቀጥላል። ስንት ወር እንደቀራት ትጠይቅ። የግብር ጊዜ ሲመጣ የዩኒየን መዋጮ ተቀናሽ መሆኑን፣ ለሥራ ርቃ ስትሄድም ከ2022 ጀምሮ በዓመት እስከ 4,000 ዶላር የጉዞና የማደሪያ ወጪ እንደሚቀነስ ታስታውስ።

«እነሱ እኮ ታክስ አይከፍሉም» የሚል አበሻ ሞልቷል። ልክ አይደለም። ነፃ የሚሆነው በመሠረቱ ስታተስ ያለው ሰው ከሪዘርቭ ጋር የተያያዘ ገቢ ነው። ካልጋሪ መሀል ሕንፃ ላይ የምትሠራዋ ክሪ እንዳንተው ትከፍላለች፤ ሜቲውና ኢኑይቱም እንዲሁ።

9. ቅድሚያ የሚሰጧት ፕሮጀክቶች

ትልልቅ ፕሮጀክቶች የነባር ሕዝቦች መሬት ላይ ሲያርፉ የቅጥር ቅድሚያ በውል ይገባል። ማኒቶባ ላይ የኪያስክ የኃይል ማመንጫ፣ 695 ሜጋ ዋት፣ የተሠራው በማኒቶባ ሃይድሮና በአራት የክሪ ሕዝቦች ሽርክና ነው። ሥራውን የገዛው የኅብረት ስምምነት ለሰሜኑ ነባር ሕዝብ ቅድሚያ የሚሰጥ ነበር። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከ2018 ጀምሮ በአንዳንድ የመንግሥት ግንባታዎች ላይ ነባር ሕዝቦች ቀድመው እንዲቀጠሩ ደንግጋለች፤ ሠራተኛውም በ30 ቀን ውስጥ ዩኒየን ይገባል።

ጥሩ በር ነው። ግን ትጠንቀቅ። አንዳንዱ ኮንትራክተር ቁጥር ለመሙላት ብቻ በጉልበት ሠራተኝነት ይቀጥራል፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ እጇ ላይ ምንም አይቀርም። ከመፈረሟ በፊት አንዲት ጥያቄ ትበቃታለች፦ «በአፕረንቲስነት ነው የምመዘገበው?»

10. ሬድ ሲል

የመጨረሻው ፈተና የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ማለፊያው 70 በመቶ። ካለፈች ሰርተፊኬቷ በየትኛውም የካናዳ ክፍል ይሠራል። ማንበብ የሚያስቸግራት ከሆነ ተጨማሪ ሰዓት ወይም ጥያቄውን የሚያነብላት ሰው መጠየቅ ትችላለች፤ አስቀድማ ማመልከት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ብዙ ነው። ፎርማን፣ አስተማሪ፣ ስቱዋርድ፣ ወይም ሪዘርቯ ላይ የራሷ ኩባንያ።

ለአበሻው

አይሴትና ትሬድ ዊንድስ ላንተ አይደሉም። አዳራሹ፣ የአፕረንቲስ ምዝገባው፣ የሥራ አጥ መድኑና ሬድ ሲሉ ግን ሁለታችሁንም ያስተናግዳሉ። አገር ቤት ኤሌክትሪክ ወይም ብየዳ ተምረህ ሲ.ኦ.ሲ. ካለፍክ ከዜሮ አትጀምር፤ ሙያህን አስገምግመህ በቀጥታ ለፈተና የምትቀመጥበት መንገድ በየክፍለ ሀገሩ አለ። ለዚያ የሚፈለገው በዋናነት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። «ታታሪና ምስጉን ሠራተኛ ነበር» የሚል አይጠቅምህም። ከየት ቀን እስከ የት ቀን እንደሠራህ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በምን ሥራ ላይ እንደነበርክ በዝርዝር የተጻፈበት፣ ማኅተምና የሚነሳ ስልክ ያለው ይሁን። እሱን ደግሞ አገር ቤት ሳለህ ማውጣት እዚህ ሆኖ ዘመድ ከመላክ ይቀላል።